ሊቀ ጠበብት ሱኬጋዋና የአባቴ ጥሩር

በዓለም ላይ «ትንሽ ናት የቀረችው» የሚል ባለሙያ የሌለበት ከተማ የለም። አለ የሚል ካለ ያ ከተማ ገና ተሠርቶ አላለቀም፤ ሠሪውም «ትንሽ ናት የቀረችው» እያለ ነው። በአንዱ አገር ልብስ ሰፊ ሆኖ ይገኛል፤ ለሠርግህ ያዘዝከውን ሱሪ ለልጅህ ልደት ያደርስልሃል። በሌላው አናጺ ነው፤ በርህን ነቅሎ ይወስድና ክረምቱን በመጋረጃ ያሳልፍሃል። እኛ የሶማ ከተማ ሰዎች የደረሰን ግን ከሁሉም የባሰው ነው። የእኛው ሰው የጥንት ጥሩር፣ ያንን የጦር ሜዳ ልብስ፣ ያድሳሉ።

ሱሪ ቢዘገይ ሌላ ሱሪ ይለበሳል። ጥሩር ግን በየቤታችን አንድ ነው፤ የቅድመ አያት ቅድመ አያት ለብሶት፣ አባት ለልጅ ሲያወርሰው የኖረ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሐምሌ መጨረሻ በፈረስ በዓላችን፣ ጥሩር ያለው ቤት ሁሉ ጥሩሩን ለብሶ፣ የቤተሰቡን ሰንደቅ ጀርባው ላይ ተክሎ በፈረስ ይወጣል። ያ ቀን ለማንም ተራዝሞ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። በአራት ሰዓት መሄድ ያለበትን ከረጢት አራት ሰዓት ከአምስት ላይ እዚያው ካየሁት ሆዴን ይቆርጠኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሊቀ ጠበብት ሱኬጋዋ እጅ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሊቀ ጠበብት የምላቸው እኔ ነኝ እንጂ ማንም አልሾማቸውም። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ቀጭን ናቸው፤ መነጽራቸውን ከሥራ በተረፈ የሐር ገመድ አስረውታል፤ ጥፍራቸው ጥሩር በሚቀባበት ጥቁር ሙጫ ሲነከር ስለኖረ ቢታጠቡም ያልታጠቡ ይመስላሉ። እንግዳ ሲገባ ቀና አይሉም። ቀና ካሉ «መቼ ይደርሳል?» ተብለው እንደሚጠየቁ ከአርባ ዓመት ልምድ ያውቃሉ።

እሳቸው ዘንድ የወሰደኝ ጉዳይ ቀላል ይመስል ነበር። ባለፈው ዓመት በዓል አባቴ ሞንማ ታዳዮሺ በዋናው መንገድ ሲያልፍ የጥሩሩ የግራ ትከሻ መከታ ሐሩ በስብሶ ኖሮ ተበጥሶ ወደቀ። አንዲት ዓሣ ሻጭ አነሳችውና በሁለት እጇ ይዛ እስከ ሰልፉ መጨረሻ ከኋላው ተከተለችው። አባዬ አራት ቀን በዚያ መንገድ አላለፈም። መስከረም ላይ ጥሩሩን በሣጥኑ ጭኜ ሱኬጋዋ ዘንድ ወሰድኩት። «ለሚያዝያ ይደርሳል» አሉኝ። የየትኛው ዓመት ሚያዝያ ብዬ አለመጠየቄ የራሴ ሞኝነት ነው።

በመጋቢት ሐኪሙ የአባዬን ልብ አዳምጦ «ከእንግዲህ ፈረስ የሚባል ነገር ይቅር» አለው። አባዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ አንድም በዓል አልቀረበትም። ተከራከረ፣ ተቆጣ፣ ራት አልበላም አለ። በመጨረሻ እናቴ ፈረደች፤ ዘንድሮ አንዴ፣ ያውም በእርምጃ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ኮርቻው፣ እኔ መጋለብ ስለማላውቅ፣ ለወንድሙ ልጅ ይሰጣል። ስለዚህ ይህች ሐምሌ ካመለጠች ለአባዬ ሌላ ሐምሌ የለችም። ይህን ለሱኬጋዋ ስነግራቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አዳመጡኝ፤ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ያንኑ የታወቀውን ነገር አሉ።

«ትንሽ ናት የቀረችው።»

ያቺ ትንሽ ምን እንደሆነች ለማወቅ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተቀምጬ አይቻለሁ። የትከሻው መከታ ሰባት ረድፍ ጠንካራ ቅርፊት ነው፤ አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚያያይዘው ጠባብ የሐር ገመድ ነው፤ ገመዱም ሁሉ እኩል መሳብ አለበት። ሊቀ ጠበብት ስድስቱን ረድፍ ጨርሰዋል። የሦስት ሳምንት ሥራ ነው። መከታውን ወደ መስኮቱ አነሱት፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ደግሞ ሌላውን ጨፈኑ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱና ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምረው ይፈቱት ገቡ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ።

«አራተኛው ረድፍ ላልቷል።»

«ለእኔ ምንም አይታየኝም።»

«አንተማ አትለብሰው» አሉኝ።

ሻይዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ የሦስት ሳምንቱ ሥራ ወለል ላይ ተከመረ። ተፈትቶ ሲያልቅ ደግሞ ከሥር ቅርፊቶቹ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ተገኘ፤ እንግዲህ ከነሐሩ ሙጫውም እንደ አዲስ ይቀባ ተባለ። ጥፋቱ የማን ነው ብትሏቸው የእሳቸው ሆኖ አያውቅም። ቀለም ነካሪው ታሞ ነው፤ ዝናቡ ቀርቶ ነው፤ ጨረቃዋ ጎድላ ነው። ምንም ሰበብ ሲጠፋ «ሐሩ አኩርፏል» ይላሉ፤ ልክ ሐሩ ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረ ይመስል። እሺ፣ ሽማግሌ እንላክበት? ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን። አልሳቁም።

የሚስታቸው የወይዘሮ ኪኑ ደግነት ደግሞ ሌላው መከራ ነው። ባል ዕቃ ባዘገዩ ቁጥር ሚስት በመስተንግዶ ይክሳሉ። እኔ ከብዙ ምልልስ በኋላ ሚዛኑን አወቅኩት። ሻይ ብቻ ከሆነ አንድ ሳምንት ነው። በጨው የተዘፈዘፈ ፍጅል ከመጣ አንድ ወር። በቀይ ቦሎቄ የተሞላው ጣፋጭ ሲቀርብ ሦስት ወር ብላችሁ ተቀመጡ። ሐብሐብ ተቆርጦ ከመጣ ግን ሌላ ጥሩር ብትፈልጉ ይሻላል። ዓሣ ተጠብሶ ከነሩዙ የቀረበለት አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ዕቃውን የተረከበው ልጁ ነው።

እኔ ብቻ አይደለሁም። ባለ ሩዝ ወፍጮው ሺጋ የራስ ቁሩ ሁለት ዓመት ቢዘገይበት ፍራሹን ጠቅልሎ መጣና «እስኪያልቅ አልነሳም» ብሎ ደጃፋቸው ላይ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ገመድ ማጠንጠን አስተማሩት። ዕቃው ካለቀ ቆይቷል፤ ሺጋ ግን ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያጠነጥናል። የቤተ መቅደሱ ካህን ደግሞ ሊገሥጿቸው መጥተው የራሳቸውን የወገብ ጥሩር አስረክበው ሄዱ።

ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ሌላው ነገር ነው። አባዬ ማለዳ ማለዳ ወንዝ ዳር ፈረሱን በእርምጃ ያለማምዳል፤ ማታ ራት ላይ ቾፕስቲኩን ሳያነሳ ይጠይቀኛል።

«ዕቃው ደረሰ?»

«አልቋል እኮ አባዬ። ትንሽ ይረፍ ብለው ነው።»

«ጥሩር ይደክመዋል እንዴ?»

«ሐሩ... ሐሩ ነው የሚያርፈው።»

እናቴ ቀና ብላ ታየኛለች። ፖስታ ቤት ውስጥ አንድ ፖስታ አዛብቼ የማላውቅ ሰው በገዛ ማዕዴ ትንሹ ሱኬጋዋ ሆኜ ቀረሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ደብዳቤ ላይ ማህተም ስመታ ሳይቀር የቀረውን ቀን እቆጥራለሁ።

በዓሉ አሥራ ሦስት ቀን ሲቀረው እንደገና ሄድኩ። ዘንድሮ የክረምቱ ዝናብ ቀርቶብን፣ ከተራራው የሚወርደው ደረቅ ነፋስ አቧራውን ያነሳ ነበር። ሊቀ ጠበብት የሉም። ወይዘሮ ኪኑ «ትንሽ ተቀመጥ ልጄ፣ አሁን ይመጣሉ» ብለው ወደ ማድ ቤት ገቡ፤ ቢላዋው ሲንኳኳ ሰማሁና ሐብሐብ መሆኑን አውቄ ላብ ላብ አለኝ። የሥራ ክፍሉ ጥግ ላይ የቀቡትን ዕቃ የሚያስቀምጡበት ቁም ሣጥን አለ። ሄጄ ከፈትኩት።

የአባዬ ቅርፊቶች ተደርድረዋል፤ ገና ሐር አልነካቸውም። ዙሪያቸውን ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ያውም ውኃ የሚያንጠባጥብ። እንዲደርቅ ከተቀመጠ ዕቃ አጠገብ እርጥብ ጨርቅ! የአሥር ወሩ ምሥጢር የተገለጠልኝ መሰለኝ። ሰውየው አርጅተዋል፣ ረስተውት ነው አልኩ። ጨርቆቹን አንድ በአንድ አውርጄ ጨምቄ ውጭ አጥር ላይ አሰጣኋቸው። ነፋስ ይግባ ብዬ የቁም ሣጥኑን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ደርቆ እንደሆነ ለማየት ትልቁን ቅርፊት በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት፤ ትንሽ ያዝ አደረገኝ። ከዚያ በጎ ሥራ እንደሠራ ሰው ተረጋግቼ ሐብሐቤን በላሁ፤ ሊቀ ጠበብት ባይመጡም ቅር ሳይለኝ ወጣሁ።

ያ ሙጫ ከዛፍ የሚቀዳ ነው፤ የሚደርቀውም እርጥበት ሲጠጣ ነው። ደረቅ አየር ካገኘው እንደ ማር እየተጣበቀ ይቀራል። ይህንን በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። ፖስታ ቤት ውስጥ ግን አያስተምሩም። ሌላም የማያስተምሩት ነገር አለ፤ ያልደረቀ ሙጫ የነካ ሰው ፊቱን ከነካ ምን እንደሚሆን።

በማግስቱ ከንፈሬ አበጠ። በሁለተኛው ቀን ዓይኔ ጠበበ፤ ከአንገቴ እስከ ጣቴ ሽፍታ ወረሰኝ። ደንበኞቼ ፖስታቸውን በሩቁ እየወረወሩልኝ ሄዱ። ለአባዬ «ዓሣ አልተስማማኝም» አልኩት። ለረጅም ጊዜ አየኝና ሩዙን መብላት ቀጠለ።

ሊቀ ጠበብት ዘንድ የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። የዚያን ዕለት ቀና አሉ። ፊቴን አዩት። ተነስተው ትልቁን ቅርፊት አመጡና ከፊቴ አስቀመጡት፤ የአውራ ጣቴ አሻራ ጥርት ብሎ ታትሞበታል። ፖስታ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ማህተም መትቼ አላውቅም።

«እንዳታክከው» አሉኝ። «የወንዝ ሸርጣን ወቅጠህ ቀባው። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።»

ከዚያ ከሰል አንስተው ሁሉንም ቅርፊት እየፋቁ እንደገና ይጀምሩት ገቡ። በዓሉ አሥር ቀን ቀርቶታል።

በማግስቱ አባዬ ራሱ ለመሄድ ተነሳ። ልቡን ፈርቼ ከኋላው ተከተልኩት። ዱላውን ይዞ፣ በር ሳያንኳኳ ገባ።

«ሱኬጋዋ! አባትህ በሕይወት ሳሉ የሰው ዕቃ በቀኑ ይደርስ ነበር።»

«እውነት ነው።»

«እውነት ነው ይለኛል። ጥሩሬ የታለ?»

«ቅርፊቶቹ እየተቀቡ ነው። የመጨረሻው ቅብ ተበላሽቶብን...»

«ማነው ያበላሸው?»

ሱኬጋዋ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። እኔ በሩ አጠገብ ያንን ያበጠ ፊቴን ይዤ ቆሜያለሁ። እኔን ለማጋለጥ ጣታቸውን ማንሳት እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢያዩኝ ይበቃል። ዝናቡ ላይ ሊያላክኩም ይችሉ ነበር፤ ዝናቡም በእርግጥ ቀርቷል። እሳቸው ግን አባዬን ብቻ እያዩ፣

«እኔ ነኝ» አሉ። «እርጥቡን ጨርቅ መስቀል ረሳሁ። አርጅቻለሁ መሰለኝ።»

አርባ ዓመት ሙሉ ከእኚህ ሰው አፍ «እኔ ነኝ» የሚል ቃል የሰማ ሰው በከተማችን የለም። አባዬ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አወረደባቸው። «በሰው ዕድሜ ትቀልዳለህ» አላቸው። «የቀረችኝ አንዲት ቀን ናት፤ እሷንም በላህብኝ።» ሱኬጋዋ ግንባራቸው ወለሉን እስኪነካ ሰገዱ። እኔ ዓይኔን ጨርቆቹን ወዳሰጣሁበት አጥር አዞርኩ። በሕይወቴ ያፈርኩበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድና ማታ ስመለስ ጨርቅ የሚነክረው እኔ ሆንኩ። ውኃ እቀዳለሁ፣ እነክራለሁ፣ እሰቅላለሁ፣ በሩን ቀስ አድርጌ እዘጋለሁ። «ደረቀ?» ብዬ መጠየቅ ተውኩ፤ የሚመልሱልኝን መልስ መስማት አልፈለግኩም። ሙጫው የያዘው በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ነው። የሦስት ሳምንት ሥራ ለአራት ቀን። ሺጋ ወፍጮውን ዘግቶ መጣና ማጠንጠን ጀመረ። ወይዘሮ ኪኑ ገመዱን ይቆርጣሉ። በዚያ ሳምንት ለእኔ ምንም ነገር አላቀረቡልኝም፤ ባዶ ሰሐን በሚዛኔ ስንት ወር እንደሆነ ስለማላውቅ ከሐብሐቡ የበለጠ አስፈራኝ።

የበዓሉ ማለዳ ከቤተ መቅደሱ የዛጎል መለከት ሲነፋ አባዬ የውስጥ ልብሱን ለብሶ፣ ባዶ ትከሻውን ይዞ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ፈረሱ ተጭኗል። ሰንደቁ አጥር ላይ ተደግፏል። ጥሩሩ የለም። እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እጆቿን ታሻሻለች። ሁለተኛው መለከት ሲነፋ የሺጋ የጭነት መኪና ግቢያችን ገባች፤ ሊቀ ጠበብት ሣጥኑን አቅፈው ከላይ ተቀምጠዋል። ከአራት ቀን በፊት የለበሱትን ሸሚዝ ነው የለበሱት።

ማንም ማንንም ሰላም አላለም። ደረቱን አለበሱት፤ ወገቡን አጠበቁለት፤ የቀኙን ትከሻ አሰሩ። ግራው ሲደርስ የመጨረሻው ረድፍ ጫፉ ገና አልታሰረም። ሱኬጋዋ መርፌውን ከአንገትጌያቸው መዘው እዚያው፣ አባዬ ትከሻ ላይ፣ ይሠሩት ጀመር። ገመዱን ሁሉ እኩል ይስባሉ። እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ያን ቅብ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ሳይዞር። «የሙጫ ሽፍታ ከዓሣ የማልለይ መሰለህ?»

«ታዲያ ምነው እሳቸውን እንደዚያ...»

«ያ ስድብ ለሌላው ዘጠኝ ወር ነው።»

ሱኬጋዋ ገመዱን በጥርሳቸው በጠሱ። «ይገባኛል» አሉ።

አባዬ ወጣ። እኔም በሰልፉ ጠርዝ በእግሬ ተከተልኩ፤ ዘወር ስል ሊቀ ጠበብት ከጎኔ ናቸው። መርፌያቸው አንገትጌያቸው ላይ ተሰክቷል፤ የገመድ ጥቅል እጃቸው ላይ አለ። ወደ ቤት ገብተው ይተኙ አልኳቸው፤ የሰሙኝም አልመሰለኝ። ዓይናቸው ከአባዬ ግራ ትከሻ አይነቀልም። ሌላ ጥሩር ለባሽ ሲያልፍ ደግሞ እሱንም ያያሉ፤ «ያ የእኔ ነው፣ በስተጀርባው ላልቷል» ይላሉ፤ «ያኛው ደህና ነው፣ ያኛውን እንጃ።» ያኔ ነው የገባኝ። ሰነፍ ሆነው አይደለም የሚያዘገዩት። ከእጃቸው የወጣ ዕቃ ሁሉ በሩጫ ላይ ያለ ፈረስ ላይ፣ የሰው ገላ ላይ ነው የሚሄደው፤ እሳቸው ደግሞ መልቀቅ ይፈራሉ። እኔ አሥር ወር ሆዴን ቢቆርጠኝ ምን ያስገርማል? ሰውየውን አርባ ዓመት ሲቆርጣቸው ኖሯል። እንዲህ ያለ ዘመድ እንዳለኝ ሳላውቅ ስጠላቸው መክረሜ ቆጨኝ።

ሜዳው ላይ ደረስን። አባዬ እንደ ውሉ በእርምጃ እስከ መሐል ሄደ፤ ለበዓሉ አለቃ ሰላምታ ሰጠ፤ ፈረሱን አዞረ። እፎይ ልል ስል ልጓሙን ላላ፣ ተረከዙን ጫን ሲያደርግ አየሁት። ፈረሱ ወደ ሩጫ ገባ።

«አይ አባዬ» አልኩ። እናቴ የት እንዳለች ማየት አልፈለግኩም።

«ግራው ከፍ ዝቅ እያለ ነው» አሉ ሊቀ ጠበብት።

«ይወድቃል?»

«እንጃ።»

ሰንደቁ ሲወጠር፣ ጥቁሩ መከታ ሲነሳና ተመልሶ ቦታው ሲያርፍ ይታየኛል። ሰባት ረድፍ። አንድ ዙር ሄደ። በሜዳው ዳር ያሉ ሽማግሌዎች ስሙን ይጠሩ ጀመር። ሐኪሙ ስለ አባዬ ልብ ያለው ትዝ አለኝ። በእኛ ከተማ ጎልማሳ ወንዶች እጅ ለእጅ አይያያዙም፤ እኔም አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በዚያ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ግን የሊቀ ጠበብትን ያንን በሙጫ የጠቆረ እጅ ጥብቅ አድርጌ ይዤው ነበር። አባዬ ፈረሱን አቁሞ፣ ትከሻው እንዳለ፣ በገዛ እግሩ እስኪወርድ አልለቀቅኳቸውም። እሳቸውም አልለቀቁኝም።